ያገለገለ የጣልያን ሞተር፦ ልግዛው ወይስ ይቅር?

በሌሞ ምድር ተቀምጦ የጣልያን የስፖርት ሞተር ብስክሌት መመኘት ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ያገለገለ ዱካቲ ለሽያጭ ቀርቧል፤ ከእቁብ የደረሰኝ ገንዘብም በእጄ አለ። እንግዲህ ልግዛው ወይስ ይቅር? አንድ አዛውንት ዘመዴ ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ የጣልያን ብረት ምን ያደርግልሃል? አባቶችህን የፈጀው እርሱ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ቃላቸው ከዋጋው አስቀድሜ ታሪኩን እንድመረምር አስገደደኝ።

የአዛውንቱ ቁጣ መሠረት አለው። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ከ1700 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። ከላይ ደግሞ የመርዝ ጋዝ ያዘነቡ አውሮፕላኖች ነበሩት። ኢትዮጵያውያን በጣርማ በር መንገዱን ደርምሰው ያን ሁሉ ጎማ ገትረው ያዙት፤ ጠላት ገደሉን ጠግኖ እስኪያልፍ ድረስ ሞተሩ ሁሉ ከቆመ ብረት አልተሻለም። ይሁንና ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማይቱ ተያዘች። ስለዚህ ለዚያ ትውልድ የጣልያን ሞተር ድምፅ የመከራ ድምፅ ነበር።

ጦርነቱ ከእኛም ደጅ ደርሷል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሆሳዕና ብዙም በማይርቀው በቁሊቶ፣ በብላቴ ወንዝ አጠገብ፣ የጣልያን ታንኮች በእንግሊዝ ሥር በተሰለፉ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ላይ ድንገት መጡባቸው። ከኬንያ የዘመተው ሳጅን ናይጄል ሊኪ በአንደኛው ታንክ ላይ ዘልሎ ወጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ከነጂው በቀር በውስጡ የነበሩትን ገደለ። ታንኩን ከማረከ በኋላ በመድፉ ሊተኩስ ሞከረ፤ አልሠራለትም። ወርዶ በሌላ ታንክ ላይ ወጥቶ ሳለ ተገደለ። የቪክቶሪያ መስቀል የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የያዘኝ ያ አልተኩስም ያለ መድፍ ነው። ብረትን መማረክ አንድ ነገር ነው፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ሌላ።

የፋብሪካዎቹ የትውልድ ሐረግስ ምን ይላል? ዱካቲ እ.ኤ.አ. በ1926 በቦሎኛ ከተማ ሲቋቋም የሬዲዮ ዕቃ ይሠራ ነበር። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን ዱካቲ የሚባል ሞተር ብስክሌት በዓለም ላይ አልነበረም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1944 በቦምብ ፈረሰ፤ ከፍርስራሹ ተነሥቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በብስክሌት ላይ የሚገጠም ትንሽ ሞተር መሥራት ጀመረ። የፒያጅዮ ታሪክ ግን ይለያል። እርሱ በጦርነቱ ዘመን የአውሮፕላን ሞተር ሠሪ ነበር። ጣልያን ከተሸነፈች በኋላ ግን የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን ሠራ፤ በ1948 ደግሞ አፔ የተባለችው ባለ ሦስት እግር ተከተለች። እነዚህ የወራሪዋ ሳይሆን የተሸነፈችው፣ ሕዝቧም ርካሽ መጓጓዣ ያጣባት የጣልያን ልጆች ናቸው።

አፔ ከሌሞ ሩቅ አይደለችም። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በፒያጅዮ ፈቃድ ቬስፓንና ባለ ሦስት እግሯን እየሠራ ሙያውን ተማረ፤ ውሉ በ1971 ሲያበቃ በራሱ ቀጠለ። ዛሬ በሆሳዕና ጎዳና ተማሪውን፣ ነጋዴውንና ቆጮ የጫኑትን እናቶች የምታመላልሰው ባጃጅ የዚያች የጣልያን ተሽከርካሪ የልጅ ልጅ ናት። አዛውንት ዘመዴም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእርሷ ነው። ጣልያን ናት ብሎ የሚጠራጠራት ግን የለም፤ ስሟ ባጃጅ ነው፤ የሚነዷትም የሚጠግኗትም የእኛው ልጆች ናቸው።

ወደ አንድ ጋራዥ ገብተን እናዳምጥ። ጎማ ሲፈነዳ ጎሚስታ ይጠራል። መካኒኩ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ይላል፤ ካንዴላውን ነቅሎ ያያል፤ ቡሎኑን ያጠብቃል፤ ፍሪሲዮኑን ይፈትሻል፤ ኩሽኔታው አልቋል ይላል፤ ካምቢዮውን፣ ባሌስትራውን፣ ማርሚታውን እያነሣ ያማርራል። ይህ ሁሉ የጣልያን ቃል ነው። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ሰው ጣልያንኛ እናገራለሁ ብሎ አያስብም፤ በእርሱ አፍ ቃሉ አማርኛ ሆኗል፤ ሀዲይኛም ከምባትኛም ሲናገር ያንኑ ይጠቀማል። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ሲባረር የቀሩት ቃላት ከሞያው ጋር የእኛ ሆኑ። በድል አድራጊ እጅ የተያዘ ቃል የባርነት ምልክት አይደለም።

እንዲሁም ከነጻነት በኋላ የመጡት ፊያቶች በመካከላችን ኖረው አረጁ። ኤንትሬ ተብሎ የተጠራው የጭነት መኪና ያገሪቱን ዳገት ሁሉ ወጥቶ ወርዷል፤ ሰይቼንቶ ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆና አገልግላለች። ረጅም ዕድሜ ያገኙት ስለሚያምሩ አልነበረም። ሞተራቸው ያልተወሳሰበ ስለነበር ነው፤ የጠፋውን ዕቃ ቀጥቃጩም ቀርጾ ይተካው ነበር። ከዚህ አንድ መመዘኛ አገኘሁ፦ የመጣ ብረት ያገር ልጅ የሚሆነው ክፍሎቹ ሁሉ በጋራዡ ሰው አፍ ስም ሲያገኙ፣ በእጁም ሲፈቱና ሲገጠሙ ነው።

አሁን ዱካቲውን በዚህ ልመዝነው። በተለመደው ሞተር ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ነው፤ ይህም ቃል ከጣልያን መጥቶ ከእኛ ጋር የኖረ ነው። በዱካቲ ግን መሐንዲሱ ፋቢዮ ታሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባስገባው ዘዴ ቫልቩ በሞላ ፈንታ በሌላ የብረት ክንድ ተጎትቶ ይዘጋል። ዴስሞ ይሉታል። ይህም በከፍተኛ ፍጥነት ቫልቩ እንዳይዘገይ ያደርጋል፤ ለውድድር የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ልኩ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው፤ ለሽያጭ በቀረበው ዓይነት ላይ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለካት፣ ቺንጊያውም በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት። እኛ ዘንድ ለሞላ ስም አለን፤ ለዴስሞ ግን ስምም ልምድም የለንም። መካኒኩ ይህን የሚፈታ መሣሪያ ሳይኖረው ቢነካው የቁሊቶው መድፍ ይሆንብናል።

ሌላም አለ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ተራ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ገጠሩ ቀበሌዎች ሲወጣ ደግሞ ለውድድር ሜዳ የተጎነበሰ ሞተር ከጠጠርና ከጭቃ ጋር አይስማማም። መለዋወጫው በዩሮ ይገዛል፤ በባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የውጭ ምንዛሪን ነገር ከሌላው አስቀድሞ ያውቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትናንት በብር የተተመነ ጥገና ነገ በዚያ ዋጋ አይገኝም።

ስለዚህ ዱካቲውን አልገዛውም። ለአዛውንቱም መልሴ ይህ ነው፦ አባቴ፣ ጣልያን ስለሆነ አልተውኩትም፤ ቬስፓ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እገዛው ነበር። የተውኩት እኛ ልንጠግነው የማንችል ስለሆነ ነው። ያልተጠገነ ብረት በጓሮ ቆሞ ሲዝግ ባለቤቱን ባለ ዕዳ፣ ሠሪውንም ጌታ አድርጎ ያኖራል። የእቁቡ ገንዘብ ማንኛውም የሆሳዕና ጋራዥ የሚፈታውን ተራ ሞተር ይገዛል፤ ትርፉም ለልጆች ትምህርት ይውላል። ቁንጅናው ግን ከልቤ አልወጣም። ምናልባት አንድ ቀን የእኛ ልጅ ለዴስሞ ስም ያወጣለታል፤ ያን ቀን ሐሳቤን እለውጥ ይሆናል።

ብረቱን ቢሠራው የባሕር ማዶ ሰው፣
ስሙን የሚያወጣው የሚጠግነው ነው።