አፋን ኦሮሞ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች

አፋን ኦሮሞ (ኦሮምኛ) በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በሁለት መልክ ይሰጣል። በአንዳንዶቹ የመማሪያ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ በሚያስተምሩት ደግሞ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። ጉዳዩ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ የከተማዋ ዳር ክፍለ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው፤ እዚያ ቋንቋው ከከተማዋ ይቀድማል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የአቃቂ ሜዳ የቱለማ ኦሮሞ፣ በተለይም የገላን ጎሳ መኖሪያ ነበር። የባቡር ሐዲዱና ፋብሪካዎቹ፣ በቅርቡም የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ፣ ከየአቅጣጫው ሰው አመጡ፤ የቦታ ስሞቹ ግን ቀሩ። ገላን የጎሳ ስም ነው፤ ቱሉ ዲምቱ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ የሚጠራውን ይህን ስም ትርጉሙን ሳያውቁ የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 19.5 በመቶው ኦሮሞ ሲሆን፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታው ግን 10.7 በመቶው ብቻ ነበር። ስለዚህ በከተማዋ ቋንቋውን በትምህርት ቤት እንደ አዲስ የሚጀምሩት የሌላ ብሔር ልጆች ብቻ አይደሉም።

== ታሪክ ==

ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ በ1894 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ታተመ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ይሰጥ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ኦሮምኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው ቁቤ ተመረጠ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ አደረገ። አዲስ አበባ ግን የሥራ ቋንቋዋ አማርኛ በመሆኑ በአማርኛ ማስተማሯን ቀጠለች፤ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የበረከቱት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአንዳንድ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል መዝሙርና ሰንደቅ ዓላማ ያስነሱት ውዝግብ ትምህርት እስከማቋረጥ ደርሷል። የተከራከሩት በመዝሙሩና በሰንደቁ ላይ ቢሆንም፣ ቋንቋውን መማርና የክልል ምልክትን መቀበል በብዙ ሰው ዘንድ እንደ አንድ ነገር ተቆጠሩ።

== በክፍል ውስጥ ==

ቋንቋን በሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ከመወሰን ይልቅ ወደ ዕለት ተዕለት ትምህርት ማስገባት በሌሎች አገሮችም ተሞክሯል። በኒው ዚላንድ የማኦሪ ቋንቋ በ1987 እ.ኤ.አ. ኦፊሴላዊ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንም ሰላምታውን፣ መዝሙሩንና የቦታ ስሞቹን ይጠቀማሉ። የማኦሪ ቋንቋ ግን የመጥፋት አደጋ የተደቀነበት ነው፤ ኦሮምኛ በአንጻሩ በኢትዮጵያ ብዙ አፍ ፈት ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ የጎደለው የሚናገረው ሰው ሳይሆን፣ ልጆች ከክፍለ ጊዜው ውጭ የሚናገሩበት አጋጣሚ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ መግቢያው ቅርብ ነው። «አካም ቡልታን» የሚለው የጠዋት ሰላምታ አሠራሩ «እንደምን አደራችሁ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ ለብዙ ሰውም፣ በአክብሮት ለአንድ ሰውም ይባላል። ለእኩያ ወይም ለልጅ «አካም ቡልቴ» ይበቃል። መምህሩ በሒሳብም ሆነ በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ በዚህ ሰላምታ ቢጀምር ተጨማሪ መጽሐፍ አያሻውም።

የሚከብደው ድምፁ ነው። «ዹጋ» (እውነት) እና «ዻዻ» (ቅቤ) የሚጀምሩበት ድምፅ በአማርኛ የለም፤ ጀማሪው በ«ደ» ይተካዋል። የአናባቢ ርዝመትም ትርጉም ይለውጣል፦ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ቃላት ተነባቢዎቻቸው አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው አናባቢዎቹ አጭር፣ የሁለተኛው ረጅም ናቸው። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጆሮን የሚያስለምደው ግን መስማት ነው፤ በአቃቂ ገበያ ከሸማችና ከሻጭ የሚሰማው ቋንቋ ለዚህ ከመማሪያ መጽሐፉ ይበልጥ ይረዳል።