«ኮዲ»፣ «ኤስ ኪው» እና ሀገር ቤት፦ የኪሌሌሽዋ የመኖሪያ ቤት ታሪክ በቃላት ሲነበብ

የስዋሂሊ ቋንቋ ግብርንም የቤት ኪራይንም በአንድ ቃል «ኮዲ» ብሎ ይጠራል። የዛሬ የናይሮቢ ነዋሪ «ኮዲ ያ ኙምባ» ሲል በየወሩ ለአከራዩ የሚከፍለውን ገንዘብ ማለቱ ነው። ቅድመ አያቱ ግን በዚያው ሐረግ የሚጠራው የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በየጎጆው ላይ የጣለውን ግብር ነበር። ይህ መጣጥፍ በዚህ ሐረግና በጥቂት ዘመዶቹ እየተመራ፣ ኪሌሌሽዋ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር በተራ ደመወዝ ቤት ማግኘት ለምን አዳጋች እንደሆነ ይመረምራል። ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የቅርብ ዓመታት የገበያ ነገር ተደርጎ ነው። እኔ ግን ሥሩን የማየው በደመወዙ አተማመን ላይ ነው፤ በናይሮቢ የአፍሪካዊው ሠራተኛ ደመወዝ ሲሰላ መጀመሪያውኑ ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ከስሌቱ ውጭ ተደርጎ ነበር። ስሌቱ ከሕጉ ከተፋቀ በኋላም በቃላቱና በቤቶቹ ፕላን ውስጥ ኖሯል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጎጆ ግብር በምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛት የተደነገገው በ1901 ነው። ከጊዜ በኋላ ግብሩ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ስለተፈለገ፣ ገንዘቡም በገጠሩ ቀዬ ስለማይገኝ፣ ወንዱ ወደ ነጭ ሰፋሪዎች እርሻ፣ ወደ ባቡር ሐዲዱና ወደ ከተማው መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ሰውዬው ለደመወዝ የተሰለፈው ቤት ስላጣ ሳይሆን ቤት ስላለው ነው፤ የሚሠራውም በቤቱ ላይ የተጣለውን ለመክፈል ነበር። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ማስታወሱ አይቀርም። በእኛም ዘንድ የሰው መሬት ላይ የሚኖር አራሽ የተጠራው ከጎጆው በሚወጣው ጭስ ነው። ልዩነቱ፣ በአማርኛ ጭሱ ለሰውዬው ስም ሲሆን በስዋሂሊ ግን ጎጆው የክፍያው ስም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ደመወዝ በስዋሂሊ «ምሻሃራ» ነው፤ ወርን ከሚያመለክት የዓረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን በወር የሚከፈል ማለት ነው። የእኛው «ደመወዝ» ደምና ወዝን አጣምሮ የሠራተኛውን አካል ያስታውሳል። ከቃል አፈጣጠር ብቻ የታሪክ ድምዳሜ ማውጣት ባይገባም፣ በናይሮቢ የነበረው ስሌት በእርግጥም ወሩን እንጂ አካሉን፣ ይልቁንም አካሉ የሚያድርበትን ስፍራ፣ ያስታወሰ አይመስልም።

ከተማዪቱ የተቆረቆረችው በ1899 ነው፤ የዩጋንዳ የባቡር ሐዲድ ሠሪዎች፣ ማሳዮች በቀዝቃዛ ውሃው በጠሩት ረግረግ ስፍራ ሰፈሩ። በ1905 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደዚያ ተዛወረ። ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር የመፍትሔው ቋንቋ የጤና፣ ውጤቱ ግን የዘር ክፍፍል ነበር። በ1913 ከተማዪቱን የጎበኙት ፕሮፌሰር ሲምፕሰን አውሮጳውያን፣ እስያውያንና አፍሪካውያን ተለያይተው እንዲሰፍሩ መከሩ። የለንደን መንግሥት በ1923 ባወጣው ነጭ ወረቀት በከተሞች ውስጥ በዘር የመለየትን ፖሊሲ ቢተወውም፣ በየይዞታ ውሉ ውስጥ የተጻፉት ክልከላዎች ሥራውን ቀጠሉ። በምዕራብ በኩል ያሉት ነፋሻማና ቀይ አፈር ያላቸው ጉብታዎች ለአውሮጳውያን ተያዙ፤ በምሥራቅ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ሜዳ ለአፍሪካውያን ተተወ። ፑምዋኒ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪካውያን መንደር ሆኖ ተከለለ። ቀደም ብሎ በራሱ የቆመው የፓንጋኒ መንደር በ1930ዎቹ መጨረሻ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሻውሪ ሞዮ ተወሰዱ።

ኪሌሌሽዋ በምዕራቡ ወገን ካሉት አንዱ ነው። ስሙ «ሌሌሽዋ» ከሚባለው፣ ቅጠሉ አመድማና መልካም ሽታ ካለው ቁጥቋጦ ጋር ይያያዛል። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ በሰፋፊ ቦታዎች ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቪላዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ የመንግሥት ሹማምንት መኖሪያዎች ነበሩ። ለአውሮጳውያን ልጃገረዶች የተቋቋመውና ዛሬ ኬንያ ሃይስኩል የሚባለው ትምህርት ቤትም የሚገኘው እዚሁ ነው። የመንገዶቹ ስም ያስገርማል፦ ኦታያ፣ ካንዳራ፣ ጋቱንዱ፣ ጊቱንጉሪ፣ ሲያያ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ሥር ያለችው ማንዴራ ሳትቀር። ሁሉም የገጠር አውራጃ ስሞች ናቸው። ሠራተኛው «ቤትህ እዚያ ነው» የተባለባቸው ስፍራዎች፣ እርሱ ቤት ሊያገኝ በማይችልበት ሰፈር የመንገድ ምልክት ሆነው ተተክለዋል። ማን ምን አስቦ እንደሰየማቸው ለዚህ መጣጥፍ አያሻም፤ አጋጣሚውም ቢሆን ብዙ ይናገራል።

ያ «ቤትህ እዚያ ነው» የሚለው አባባል የደመወዙ መሠረት ነበር። አሠሪዎቹ ደመወዝ ሲተምኑ ያሰቡት አንድ ወንደላጤን ነው፦ ሚስቱና ልጆቹ በገጠር ከመሬታቸው ይበላሉ፤ እርሱም ጉልበቱ ሲደክም ወደዚያው ይመለሳል። በከተማ የሚያስፈልገው እንግዲህ ምግብና መተኛ ብቻ ነው። ከ1919–20 ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲይዘው የተደረገው «ኪፓንዴ» የተባለው መታወቂያም ይህንኑ ያጸና ነበር፤ ሰውዬው በከተማው የሚቆየው ሥራ እስካለው ድረስ ነው። ስዋሂሊ «ኙምባ» እና «ኙምባኒ» ብሎ የሚለያቸው ሁለት ነገሮች ዛሬም በናይሮቢ አፍ አይቀላቀሉም። የመጀመሪያው የሚያድሩበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው ለበዓል የሚሄዱበት፣ ሲሞቱ የሚቀበሩበት ነው። እኛም «ሀገር ቤት» ስንል በውስጡ «ቤት» ያለው ቃል ተጠቅመን ቤት ያልሆነ ነገር እንናገራለን፤ በናይሮቢ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሀገር ቤት ማለት ድንበር ተሻግሮ ያለው ሁሉ ነው።

የወንደላጤውን ስሌት መጀመሪያ የሰበረው ናይሮቢ ሳይሆን የወደቡ ከተማ ሞምባሳ ነው። ወደ ጠረፍ መውረድ ያስፈለገኝም ስለዚህ ነው፤ ኪሌሌሽዋ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ምንጩ እዚያ ነው። ሞምባሳ በደሴት ላይ የተመሠረተች በመሆኗ መሬቷ ጥቂት፣ ኪራይዋም ውድ ነበር። በብዙ ሰፈሮች ቤቱ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ለመሬቱ ኪራይ ይከፍላል፣ ክፍሎቹን ደግሞ ለሠራተኞች ያከራያል። በ1939 የሞምባሳ ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ ከዋና ብሶታቸው አንዱ የቤት ኪራይ ነበር፤ አሠሪዎችም ወይ ቤት እንዲሰጡ ወይ የቤት አበል እንዲከፍሉ ተገደዱ። በጥር 1947 ደግሞ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ሠራተኞች ወደቡንና ከተማውን ዘጉ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ሠራተኛውን የሚመለከተው እንደ አላፊ አግዳሚ ሳይሆን እንደ ከተሜ ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

በ1954 በካርፔንተር የተመራው የአፍሪካውያን ደመወዝ አጣሪ ኮሚቴ ነገሩን በግልጽ ጻፈው፦ ዝቅተኛው ደመወዝ የተተመነው ለወንደላጤ ነው፣ ይህም ቀስ በቀስ ቤተሰብ ወደሚያኖር ደመወዝ መለወጥ አለበት። ያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር «አንቪል» በተባለው ዘመቻ ናይሮቢን ከቦ ከሃያ ሺህ በላይ አፍሪካውያንን፣ በተለይም ኪኩዩዎችን፣ ያጋዘበት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰነድ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በከተማ ይኑር አለ፤ አንድ ዘመቻ ደግሞ ሠራተኛውን ከከተማ ጠረገው። ሁለቱን ለየብቻ የሚያነብ ታሪክ ጸሐፊ ዘመኑን ያጣዋል ብዬ አምናለሁ።

የሞምባሳው ትግል ውርስ ዛሬም በሕግ ላይ ይገኛል። የ2007ቱ የኬንያ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 31 አሠሪው ለሠራተኛው ተገቢ መኖሪያ እንዲሰጥ፣ ካልሰጠም ከደመወዙ በተጨማሪ ለኪራይ የሚበቃ ገንዘብ እንዲከፍል ያዛል። በልማድና በደመወዝ ደንቡ ይህ የቤት አበል የመነሻ ደመወዙ 15 በመቶ ነው። በ2024 መጨረሻ በወጣው ተመን የናይሮቢ ቀን ሠራተኛ ዝቅተኛ ወርኃዊ ደመወዝ 16,113.75 ሽልንግ ነው፤ አሥራ አምስት በመቶው 2,417 ሽልንግ ይሆናል። እዚህ ላይ ከሌላ ሕግ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የኪራይ ቁጥጥር ሕጉ ለአሥርተ ዓመታት ተከራይን ሲጠብቅ የኖረው ወርኃዊ ኪራዩ ከ2,500 ሽልንግ ያልበለጠ ቤት ላይ ብቻ ነው፤ መነሻውም የ1981 ዋጋ ነው። የአበሉ ቁጥርና የቁጥጥሩ ቁጥር ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱ ሕጎች እርስ በርስ ይግባባሉ፤ የሚገናኙበት ቤት ግን የለም። በኪሌሌሽዋ ለአንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ብዙውን ጊዜ ከዚያ አበል ከሃያ እጥፍ በላይ ይጠየቃል።

ታዲያ ባለ ተራ ደመወዙ በኪሌሌሽዋ ፈጽሞ አያድርም ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያድር ነበር፤ ያድርበት የነበረው ክፍልም ስም አለው፦ «ኤስ ኪው»። የእንግሊዝኛው «የአሽከሮች መኖሪያ» የሚለው ሐረግ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን እያንዳንዱ ቪላ በጓሮው፣ ከዛፎቹ በስተጀርባ፣ አንድ ወይም ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ምግብ አብሳዩና አትክልተኛው በነጮቹ ሰፈር በሕጋዊ መንገድ የሚያድሩት በዚያ ብቻ ነበር፤ ቤተሰብን ማምጣት በአሠሪው ፈቃድ የሚወሰን ነው። ወንደላጤውን የፈጠረው ስሌት በግንብ ሲሠራ እነሆ ይህን ይመስላል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ክፍል ሲያይ ማንም ሳይነግረው «ሰርቪስ» ይለዋል፤ እኛም ከዋናው ቤት ኋላ ያለውን ተርታ የጠራነው በአገልግሎቱ እንጂ በነዋሪው አይደለም።

ነጻነት በ1963 ሲመጣ የቪላዎቹ ነዋሪዎች ተለወጡ እንጂ የቪላዎቹ አሠራር አልተለወጠም፤ የአገሬው ሹማምንት ወደ ዋናው ቤት ገቡ፣ «ኤስ ኪው»ም በነበረበት ቆየ። ለተራው ሠራተኛ የታሰቡት ግንባታዎች በምሥራቁ ሜዳ ቀጠሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በዓለም ባንክ ድጋፍ በዳንዶራ ለድኾች መሠረተ ልማት የተዘረጋላቸው ቦታዎች ቢታደሉም፣ ብዙ ባለ ዕጣዎች እዚያ ከመኖር ይልቅ ክፍሎቹን አከራዩ። በምዕራብ የነበሩ የመንግሥት ቤቶችም ከሕግ ውጭ ወደ ግል እጅ ማለፋቸውን በ2004 የቀረበው የንዱንጉ ኮሚሽን ዘገባ መዝግቧል።

ቋንቋም በዚሁ መስመር ተከፍሏል። አብዱልአዚዝና ኦሲንዴ በ1997 ባሳተሙት ጥናት በናይሮቢ ወጣቶች ዘንድ ሁለት ድብልቅ ልሳኖችን ለይተዋል፦ በምሥራቁ የተጨናነቁ መንደሮች ስዋሂሊን መሠረት ያደረገው «ሼንግ»፣ በምዕራቡ የባለጸጎች ሰፈሮች ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ያደላው «ኢንግሽ»። ሼንግ ለቤት የሚሰጠው ስም «ኬጃ» ነው፤ በእንግሊዝኛ የወፍና የአውሬ ማጎሪያን ከሚያመለክተው ቃል መጣ ይባላል። ምንጩ ይህ ከሆነ፣ ቃሉን ያወጡት በአንድ ክፍል ውስጥ ከነወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው ያደጉ ልጆች በመሆናቸው ሊገርመን አይገባም። ቃሉ ዛሬ ወደ ምዕራብም ተሻግሯል፤ የኪሌሌሽዋ ተከራይም «ኬጃ» ይፈልጋል።

በአዲስ አበባ መንገዱ ሌላ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና «ትርፍ ቤትን» የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራይንም ቀነሰ። በዚህ ምክንያት ድኻው ለዘመናት በመሐል ከተማ፣ ከሀብታሙ ግድግዳ ተጋርቶ ኖረ፤ ቤቱ ግን ሳይታደስ አረጀ፣ በኋላም በመልሶ ማልማት ፈረሰ። ናይሮቢ ድኻውን በርቀት አኖረችው፤ አዲስ አበባ በቅርብ አኑራ ዘግይታ አራቀችው። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ እኔ የአዲስ አበባውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሁለት ትውልድ እግሩ ሥራው ዘንድ ደርሷል።

ኬንያ በቅርቡ ሌላ ሙከራ ጀምራለች። በ2023ቱ የፋይናንስ ሕግ ከሠራተኛው ጠቅላላ ደመወዝ 1.5 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል ለቤት ግንባታ እንዲቆረጥ ተደነገገ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኅዳር ወር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው፤ በመጋቢት 2024 ራሱን በቻለ ሕግ ተመለሰ።  ተቆራጩ በይፋ ግብር አይባልም። ሕዝቡ ግን «ኮዲ» ይለዋል፤ ቃሉ ከ1901 ወዲህ አንድ ዙር ጨርሶ የቤት ግብር ሆኖ ተመልሷል።

በኪሌሌሽዋ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ቪላዎቹ አንድ በአንድ እየፈረሱ በስፍራቸው አፓርትመንቶች ተነሥተዋል፤ መጀመሪያ አራት ፎቅ፣ በኋላ ከአሥር በላይ። አንድ ቤተሰብና ሁለት አሽከሮች በነበሩበት ግቢ በርካታ ቤተሰቦች ይኖራሉ። «ኤስ ኪው» ግን አልፈረሰም። በማስታወቂያዎቹ ላይ «ሁለት መኝታ፣ ፕላስ ኤስ ኪው» ተብሎ ይጻፋል፤ በፕላኑ ላይ ከማዕድ ቤቱ ኋላ፣ አንዳንዴም ምድር ቤት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ የራሱ በርና መታጠቢያ ይዞ ይገኛል። ብዙ ባለቤቶች ለየብቻው ያከራዩታል። ተከራዩ አሽከር አይደለም፤ የባንክ ጸሐፊ፣ ነርስ፣ ተማሪ፣ ወይም ከሀገር ቤት በቅርቡ የመጣ ወገናችን ነው። የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው በሚበቃው ክፍል ልክ ነው።