የት እናብላቸው?

ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ አዲስ አበቤው ሁሉ የሚጨነቅበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የት እናብላቸው? ባለፈው ዓቢይ ጾም እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ልጆቼ አንዱ ቦሌ፣ አንዱ ሣር ቤት እያሉ ሲከራከሩ፣ ሁሉንም ይዤ ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል ወሰድኳቸው።

ምክንያት ነበረኝ። ምሥረታው በ1898 ዓ.ም. ነው የሚባለው ይህ ቤት፣ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር በነበረበት ዘመን የተከፈተ ነው። እንግዳ የእግዜር በሆነበት አገር፣ ለበላው እንጀራ ማን ይከፍላል? እንደሚተረከው ከሆነ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፤ በሉ፤ ከፈሉ። ንጉሥ ከከፈለ ማን ያፍራል! ቤቱ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎም ተርፏል።

ይህን በረንዳው ላይ ቆሜ ተረክሁላቸው። ውስጡ በሰው ሞልቶ ስለነበር፣ ወረድ ብላ ባለች ትንሽ ምግብ ቤት በያይነቱ በላን።

ሒሳብ ሲመጣ ልጆቼ ወረቀቱን ተሻምተው ደመሩ፤ ቀነሱ። እናቴ ግን አስተናጋጇን እጇን ይዛ፣ «አንቺስ ልጄ፣ በላሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ገና ነኝ፣ እማማ» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

ምኒልክ መክፈልን አስተማሩን፤ ትምህርቱም በደንብ ገብቶናል። ያቺን የእናቴን ጥያቄ ግን፣ ሃምሳን አልፌ፣ ለስንቱ አስተናጋጅ ጉርሻ ስሰጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።