ሞያሌና የዋልዳ ሜዳ

ከያቤሎ ተነሥቶ በዱብሉክና በሜጋ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ፥ በቀይ አፈር፥ በግራር ቁጥቋጦና ከሰው ቁመት በሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ መካከል ብዙ ተጉዞ ሞያሌ ይደርሳል። ኢትዮጵያ እዚህ ታበቃለች፤ ከተማይቱ ግን አታበቃም። ከኬላው ማዶ ያለችውም ከተማ ስሟ ሞያሌ ነው። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሰፊው የኬንያ ቆላ ይዘረጋል፤ ዋልዳ የምትባለውም መንደር በዚሁ ሜዳ፥ ከሞያሌ በስተ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች።

ተማሪ በካርታ ላይ የድንበር መስመር ሲያይ ወንዝ ወይም ተራራ የሚከተል ይመስለዋል። በዚህ አገር ግን ከወንዝም ከተራራም ይልቅ የሰውን ኑሮ የሚወስነው የውሃ ጉድጓድ ነው።

ቦረናዎች ቱላ ሰግላን የሚሏቸው ዘጠኙ ጥልቅ የጉድጓድ ሥፍራዎች የታወቁ ናቸው። ጎልማሶች ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ድረስ በየእርከኑ ተደርድረው፥ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፥ በዜማ ያወጡታል፤ ዜማው ለመዝናናት ሳይሆን ለሥራው ምት ነው። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ በተራ የሚያስጠብቅ አባ ሔሬጋ የሚባል ሹም አለ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በጉሚ ጋዮ ጉባኤም ሕጉ ይታደሳል። የዓለም የትምህርትና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ ለባለቤቶቹ ግን ያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ገደማ ቦረናን ወደ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ካስገቡ በኋላ፥ እንግሊዞች በበኩላቸው ዛፊሮ የተባለውን የግሪክ ተወላጅ የድንበር ተቆጣጣሪ አድርገው ላኩ፤ በሞያሌ አጠገብም ፎርት ሀሪንግተን የተባለ ምሽግ ተሠራ። በኅዳር 1900 ዓ.ም. የድንበሩ ውል ተፈረመ። ውሉ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ነገዶች እንደ ቀድሞ ልማዳቸው በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፥ ለመስመሩ ቅርብ ወደ ሆኑት ጉድጓዶችም ያለ ከልካይ እንዲደርሱ ፈቀደ። የውሉ ጸሐፊዎች አገሩን በሚገባ ያወቁት በዚህ አንቀጽ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። መስመሩ ራሱ ግን ብዙ ክርክር አስነሥቶ፥ ኢትዮጵያና ነጻ የወጣችው ኬንያ የመጨረሻውን ውል የተፈራረሙት በ1962 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ጣልያኖች በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዙን ሞያሌ ይዘው፥ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቀዋል።

መስመሩ ለከብት ምንም ባይሆን፥ ለሰው ግን ነፍስ ያዳነበት ጊዜ አለ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው በዋልዳ የስደተኞች ሠፈር ተጠለሉ፤ በኋላም ሠፈሩ ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወታደሮች በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎችን በገደሉ ጊዜም፥ በሺሕ የሚቆጠሩ የከተማይቱ ነዋሪዎች በእግራቸው ወደ ማዶው ሸሹ። ዋልዳ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ማኅበር ማለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ መርቀዋል። ከኬላው ወዲህና ወዲያ ያሉት ልጆች የሚማሩበት ቋንቋና የሚቆጥሩት ዓመተ ምሕረት የተለያየ ነው። ሰዓቱ ግን አንድ ነው፤ በስዋሂሊም በአማርኛም አንድ ሰዓት የሚባለው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ነው።