ፕኖም ፔን (የጉብኝት ስፍራዎች)

ፕኖም ፔን የካምቦዲያ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ሜኮንግ፣ ቶንሌ ሳፕና ባሳክ የተባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ክሜር ሩዥ፣ ማለትም በፖል ፖት የሚመራው ጽንፈኛ የኮሙኒስት ንቅናቄ፣ ከተማዋን በያዘ ጊዜ በሆስፒታል የተኙትን ሕሙማን ሳይቀር ነዋሪዎቿን ወደ ገጠር አስወጥቶ ለግዳጅ የእርሻ ሥራ ስለዳረጋቸው፣ አገዛዙ እስከወደቀበት 1979 ድረስ ከተማዋ ባዶ ልትባል በምትችል ሁኔታ ቆይታለች።

የዚያን ዘመን ግፍ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ቱኦል ስሌንግ የዘር ማጥፋት ሙዚየም ነው። ሕንፃው ቀድሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ክሜር ሩዥ ግን ኤስ-21 የተባለ ምስጢራዊ እስር ቤት አደረገው፤ የመማሪያ ክፍሎቹም በግንብ ተከፋፍለው ጠባብ የእስረኛ ክፍሎች ሆኑ። ጠባቂዎቹ እያንዳንዱን እስረኛ ፎቶግራፍ ያነሱ ስለነበር፣ ዛሬ ጎብኚው በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የሴቶች፣ የወንዶችና የሕፃናት ፊቶች ጋር ይተያያል። በሕይወት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሠዓሊ ቫን ናት ነበር፤ የፖል ፖትን ምስል እንዲሥል በመታዘዙ ከሞት ያመለጠው ይህ ሰው፣ ኋላ ያየውን ሥቃይ በሥዕሎቹ መዝግቧል። እስረኞቹ የተገደሉበትና በጅምላ የተቀበሩበት ቾንግ ኤክ ከከተማዋ በስተ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ በዚያም የሟቾች አፅም የተቀመጠበት ስቱፓ፣ ማለትም የቡድሂስቶች የመታሰቢያ ሐውልት፣ ቆሟል። ሁለቱ ስፍራዎች በጥድፊያ ሊታለፉ አይገባም።

ከዚህ ሌላ የንጉሡ ቤተ መንግሥት፣ ወለሉ በብር ንጣፍ የተሸፈነው የብር ፓጎዳ፣ ማለትም የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ፣ እንዲሁም የአንኮር፣ ማለትም የጥንቱ የክሜር መንግሥት፣ ዘመን ቅርጻ ቅርጾች የሚገኙበት ብሔራዊ ሙዚየም ይጎበኛሉ።