በየወሩ የሚከፈልበት ድምፅ፦ ገዢው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው?

በፊልም ውስጥ በር ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዚያው በር የወጣ አይደለም። በቀረጻ ወቅት ማይክሮፎኑ የሚያተኩረው በተዋንያኑ ንግግር ላይ ነው። ኮቴው፣ ዝናቡ፣ የሞተሩ ጉርምርምታ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይጨመራሉ። ከፊሉን፣ በሆሊውዱ ጃክ ፎሊ ስም የሚጠራው ሙያ ባለቤቶች ምስሉን እያዩ በእጅና በእግራቸው ይፈጥሩታል። የቀረው አስቀድሞ ከተዘጋጀ የድምፅ ክምችት ይወሰዳል።

እነዚህ ክምችቶች በሸክላ፣ ኋላም በሲዲ ይሸጡ ነበር፤ አንዴ የገዛ ስቱዲዮ ለዓመታት ይገለገልባቸዋል። ዛሬ በ2009 እ.አ.አ ስቶክሆልም ውስጥ እንደተመሠረተው ኤፒደሚክ ሳውንድ ያሉ ድርጅቶች ሙዚቃንና ሳውንድ ኢፌክትን በወርሃዊ ወይም በዓመታዊ ክፍያ ያቀርባሉ።

ልዩነቱ የአከፋፈል ብቻ አይደለም። ተመዝጋቢው የሚገዛው ፈቃድ እንጂ ድምፁን አይደለም። በተለመደው አሠራር፣ ምዝገባው ሳይቋረጥ ለሕዝብ የቀረበ ሥራ ፈቃዱ ይጸናለታል። ክፍያው ከቆመ በኋላ ግን ኮምፒውተር ላይ የቀረውን ፋይል ለአዲስ ሥራ ማዋል አይቻልም። ለግለሰብ የተዘጋጀው ርካሽ ጥቅል ደግሞ ለደንበኛ የሚሠራ ማስታወቂያን ወይም የቴሌቪዥን ስርጭትን ላያካትት ይችላል። ከባልደረባ በፍላሽ የተቀዳ ድምፅማ ለተቀባዩ ምንም ፈቃድ አያስገኝለትም።

“ሮያሊቲ ፍሪ” የሚለው ሐረግም ብዙዎችን ያሳስታል። ድምፁ በተደመጠ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም ማለት እንጂ በነፃ ይወሰዳል ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጆች የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከፍርድ ቤት በፊት የሚደርሰው ግን ማሽኑ ነው፤ ዩቲዩብ ከ2007 እ.አ.አ ጀምሮ የሚጠቀምበት ኮንቴንት አይዲ የተሰኘው ሥርዓት የተመዘገበ ድምፅ ሲያገኝ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም ገቢውን ለባለመብቱ ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ የፈቃዱን ማረጋገጫ ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር ማስቀመጥ ይበጃል።

ዋጋው በዶላር መሆኑ ለአገር ቤት አዘጋጆች ሌላ ፈተና ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር ተሻግሯል። ድርጅቶቹ ዋጋ ሳይጨምሩ እንኳ ክፍያው በብር ሲሰላ በእጅጉ ጨምሯል ማለት ነው።

በነፃ የሚገኙ ክምችቶች አሉ። በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.አ.አ የጀመረው ፍሪሳውንድ አንዱ ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ፈቃድ አለው። አንዳንዱ የቀራጩ ስም እንዲጠቀስ ያስገድዳል፤ አንዳንዱ ለንግድ እንዳይውል ይከለክላል። ቢቢሲም በ2018 እ.አ.አ ከ16,000 በላይ ድምፆችን ይፋ አድርጓል፤ የተፈቀዱት ለግል፣ ለትምህርትና ለምርምር አገልግሎት ሲሆን ለንግድ የሚፈልጋቸው ሌላ ፈቃድ መግዛት አለበት።

ገንዘብ የማይፈታውም ችግር አለ። በድሮዎቹ የታርዛን ፊልሞች በአፍሪካ ጫካ ውስጥ የሚያስካካው ወፍ ኩካቡራ ነው፤ አገሩም አውስትራሊያ። የምዕራብ ከተማ ሳይረን የገባበት የአዲስ አበባ ድራማም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ ሙቀጫ ውስጥ የሚወቀጥ ቡና፣ የባጃጅ ሞተር ከሩቅ ክምችት ከመፈለግ ይልቅ ወጥቶ መቅረጽ ይሻላል። ለዚህ አነስተኛ መቅረጫ ይበቃል፤ ባልታመቀ የዌቭ ፋይል በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት መቅዳት፣ ከዋናው ድምፅ ሌላ የቦታውን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ያህል መያዝ፣ ፋይሉንም በቦታውና በቀኑ መሰየም ነው። የሚለይ የሰው ንግግር ከተቀረጸ የተናጋሪው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአላፊ መኪና የተሰማ ዘፈን ደግሞ ባለመብት ስላለው ድምፁን ያለዚያ ዘፈን ደግሞ መቅዳት ይመረጣል።