ሃሎዊን፦ ከረሃብ የሸሹ ሰዎች ያሻገሩት በዓል

በዚህ እትም የታሪክ አምዳችን ስለ አንድ የፈረንጆች በዓል እናወጋለን። "እኛ በፈረንጅ በዓል ምን አገባን?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ታሪኩ ራሱ ይስጥ። ወሬውን ያመጡት ግን ተማሪዎች ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ከክፍል ስንወጣ ሦስት ጓደኛሞች ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ፊልም ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ማታ በስልክ ያየውን አስፈሪ ፊልም ይተርካል፤ ጭምብል ያጠለቀ ሰው፣ ትልቅ ቢላ፣ መብራት የጠፋበት ቤት።

"በበዓል ቀን እኮ ነው የሚገድላቸው!" አለ። "ዱባ ፈልፍለው ሻማ የሚያበሩበት በዓል አለ አይደል?"

"የሰይጣን በዓል ነዋ!" አለችው ጓደኛው። "አክስቴ አሜሪካ የገባች ሰሞን ጎረቤት በር ላይ አፅም ተሰቅሎ አይታ፣ ልጆቿን ይዛ ቤት ዘግታ ነው ያመሸችው።"

ሦስተኛው ሳቀ። "ኧረ ባክሽ! ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚቀበሉበት ቀን ነው። እንደ ሆያ ሆዬ በይው።"

"ሆያ ሆዬን ከዚያ ጋር? ቲቸር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ!"

የታሪክ መምህር ሥራው መፍረድ ሳይሆን ማስረጃ ማቅረብ ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጀመርኩትን የታሪክ ትምህርት ሳልጨርስ ብሰደድም፣ ይህን አንድ ነገር ይዤ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ሦስቱንም አቋም በማስረጃ እንየው። (ለየት ብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ምን ይላል?

ሃሎዊን የሚውለው ኦክቶበር 31 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይሆናል። ስሙ የሁለት የድሮ እንግሊዝኛ ቃላት ቅንጅት ሲሆን ትርጉሙም "የቅዱሳን ዋዜማ" ማለት ነው። በማግስቱ ኖቬምበር 1 የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፤ ኖቬምበር 2 ደግሞ ሙታን በጸሎት የሚታሰቡበት ቀን። እንግዲህ ስሙን ብቻ ካየን "የሰይጣን በዓል" የሚለው አይሠራም ማለት ነው።

ታዲያ መንፈሱና አፅሙ ከየት መጣ? ከቤተ ክርስቲያኑ በዓል ጋር ጎን ለጎን አየርላንድ ውስጥ ሳዊን የሚባል ከክርስትና በፊት የነበረ የወቅት በዓል ነበር። በጋው አልቆ ክረምቱ ሲገባ ይከበራል፤ ከብቶች ከሩቅ ግጦሽ ወደ ቤት የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በዚያች ሌሊት በሰውና በመናፍስት ዓለም መካከል ያለው በር ይከፈታል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለ ሳዊን የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው ግን ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን በነበሩ ክርስቲያን መነኮሳት እጅ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ የታሪክ ምሁራን "ሃሎዊን በሙሉ የጣዖት በዓል ነው" ብለው አይደመድሙም። ሁለቱ ተቀላቅለው አብረው ኖሩ ቢባል ይሻላል።

ከዚህ ቅልቅል ውስጥ አንድ ልማድ እንምረጥ። እንግሊዝና አየርላንድ ውስጥ ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ለሞቱ ሰዎች ይጸልዩ ነበር፤ ለዚህም የቤቱ ባለቤት ትንሽ ኬክ ይሰጣቸዋል። ስኮትላንድና አየርላንድ ደግሞ ልጆች ፊታቸውን ቀብተው ወይም ጭምብል አጥልቀው፣ ዘፈን ወይም ቀልድ አቅርበው ፍራፍሬና ለውዝ ይቀበላሉ። የቡሄን ሙልሙል የበላ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው ተወስዷል ማለቴ ግን አይደለም። በየአገሩ ሰው በር ያንኳኳል፣ ይዘፍናል፣ ዳቦ ይቀበላል። የሦስተኛው ልጅ ንጽጽር እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል።

ረሃቡና መርከቡ

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ደሴቶች ጉዳይ ነበር። ሃሎዊን በብዛት አሜሪካ የገባው እኛ በደንብ በምናውቀው መንገድ፣ በስደት ነው።

በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ገባ። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሥሩ መሬት ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ከሕዝቡ ሲሶ የሚሆነው ከሞላ ጎደል በድንች ብቻ ነበር የሚኖረው። ረሃቡ እስከ 1852 ቆየ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብን ተከትሎ በመጣ በሽታ አለቀ፤ ሌላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አገር ለቆ ወጣ። በ1841 ቆጠራ 8.2 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ በእነዚያው ዓመታት እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱን ረሃብ ከወላጆቹ የሰማ ሰው፣ ረሃብ የዝናብና የተባይ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ማንም አይነግረውም።

የሸሹት ሰዎች በተጨናነቁ የጭነት መርከቦች ተሳፈሩ። በየመርከቡ ብዙ ሰው ስለሚሞት "የሬሳ ሣጥን መርከብ" የሚል ስም ወጣላቸው። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ አጠገብ ግሮስ ኢል የምትባል፣ መጤዎች ከበሽታ ነፃ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ይቆዩባት የነበረች ደሴት አለች። በ1847 ብቻ በሺህ የሚቆጠሩ አየርላንዳውያን እዚያ ተቀበሩ። አሜሪካ የደረሱትንም ቢሆን በአበባ የተቀበላቸው የለም። በ1850ዎቹ ስደተኞችን፣ በተለይም ካቶሊኮችን የሚቃወም ፓርቲ ተቋቁሞ የምክር ቤት ወንበር እስከ ማሸነፍ ደርሶ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ብዙ ዕቃ አልያዙም። በዓላቸውን ግን ይዘው ነበር፤ ምክንያቱም በዓል ሻንጣ አያስፈልገውም። ከአየርላንዳውያኑና ከስኮትላንድ መጤዎች ጋር ሃሎዊን ባሕር ተሻገረ።

ሲሻገር ግን እንዳለ አልቀረም። አየርላንድ ውስጥ ፋኖሱ የሚሠራው ከዱባ አልነበረም። ቀይ ሥርን የሚመስል፣ ከመሬት የሚነቀል ጠንካራ ሥር ፈልፍለው ፊት ይቀርጹበትና ውስጡ እሳት ያደርጉበታል። ዱባ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። መጤዎቹ ትልቅ፣ ለስላሳና ለመፈልፈል የሚመች ነገር አገኙ፤ አሮጌውን ልማድ በአዲሱ አገር ፍሬ ላይ ቀረጹት። ዛሬ ዓለም የሃሎዊን ምልክት አድርጎ የሚያውቀው ብርቱካናማ ዱባ በስደት የተገኘ መላ ነው ማለት ይቻላል።

በ1920ዎቹና 30ዎቹ በዓሉ ችግር ገጠመው። ወጣቶች በዚያች ሌሊት አጥር መንቀልና መስኮት መስበር አበዙ። ብዙ ከተሞች የመረጡት መፍትሔ መከልከል ሳይሆን ለልጆች ግብዣ ማዘጋጀት ነበር። "ስጡን፣ አለዚያ እንተናኮላችኋለን" እያሉ ጣፋጭ የመቀበሉ ልማድም በእነዚህ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ ተስፋፋ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ስለሆነ ቀዘቀዘ። አሜሪካ ውስጥ የስኳር ራሽኑ በ1947 ሲነሳ እንደገና ሞቀ። በ1950 ደግሞ ፊላደልፊያ ከተማ ጥቂት ልጆች ከከረሜላ ይልቅ ሳንቲም በወተት ካርቶን ሰብስበው 17 ዶላር ለዩኒሴፍ ላኩ። ከዚያ በኋላ ይህ በመላ አሜሪካ የተለመደ የልጆች መዋጮ ሆነ። የዩኒሴፍን ሰማያዊ ቦርሳ ለያዛችሁ ተማሪዎች ይህቺ ነገር ታስቃለች ብዬ ነው የጨመርኳት።

ፊልሙስ?

አሁን ወደ ጭምብሉ ሰውዬ እንምጣ። አስፈሪ ፊልም ከሃሎዊን ጋር አልተወለደም። በ1931 "ድራኩላ" የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲወጣ ዋናው ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ የሚባል ሃንጋሪያዊ ነበር። በ1919 የአገሩ አብዮታዊ መንግሥት ሲወድቅ፣ ተዋንያንን በማደራጀት ይሳተፍ ስለነበር ሸሽቶ ወጣ። ቪየናና በርሊን ቆይቶ በ1920 መጨረሻ አሜሪካ ደረሰ። እንግሊዝኛው ከባድ የሃንጋሪ ቅላጼ ነበረው። ያ ቅላጼ ነው እንግዲህ የድራኩላ ድምፅ ሆኖ የቀረው፤ ከእሱ በኋላ ድራኩላን የሚቀልድ ሁሉ የሚኮርጀው እሱን ነው። ክፍል ውስጥ "እንግሊዝኛዬ ያስቃል" ብላችሁ እጃችሁን የማታወጡ ልጆች ይህን ያዙልኝ።

ተማሪው ያየው ዓይነት ፊልም ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ደግሞ ጆን ካርፔንተር በ1978 ያወጣው፣ ስሙም "ሃሎዊን" የሆነው ፊልም ነው። እንዴት እንደተሠራ ስሙ። ታሪኩ የሚሆነው ቅጠል በሚረግፍበት በኦክቶበር ነው፤ የተቀረጸው ግን በጸደይ፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ በሆነበት በካሊፎርኒያ። ስለዚህ የደረቀ ቅጠል ለማስመሰል ቀለም የተቀባ ቅጠል ይበትናሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ከዚያ ለቅመው በከረጢት ከተው ለሚቀጥለው ቦታ ይወስዱታል። ያ ሁሉን ያስበረገገ ነጭ ጭምብል ከሱቅ ከ2 ዶላር ባነሰ የተገዛ፣ የአንድ የቴሌቪዥን ተዋናይ ፊት የሚመስል የላስቲክ ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀለም ቀብተው፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት። ሙዚቃውን የሠራው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። ጠቅላላ ወጪው ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም ያልበለጠ ሲሆን ገቢው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ። ብዙ ሌሎች ይህን አይተው የበዓል ስም እየመረጡ ገዳይ ያስገቡበት ጀመር።

እንግዲህ ገዳዩ የገባው በበዓሉ ሳይሆን በገበያው በኩል ነው። መምህራን፣ ልጆች በፊልም ሲሸበሩ ካያችሁ አንድ ነገር ሞክሩ፤ ያንኑ ቦታ ድምፁን አጥፍታችሁ አሳዩአቸው። ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ሙዚቃው ውስጥ እንደነበረ ራሳቸው ያገኙታል። ያም ሆኖ፣ ቢላና ደም በዓይናቸው ያዩ ልጆች እዚህ ካምፕ ውስጥ አሉ። ለእነሱ ፊልም ፊልም ብቻ አይደለምና ግድ አትበሏቸው።

የእኛስ በዓል?

ሃሎዊንን አክብሩ ወይም አታክብሩ ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም። ዛሬም በእምነታቸው ምክንያት የማያከብሩት ብዙ አሜሪካውያን አሉ፤ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ግን እዚያ የደረሰ ዘመዳችን በር ላይ አፅም ሲያይ ላስቲክ መሆኑን፣ በር የሚያንኳኳው ጭምብል ለባሽም የጎረቤት ልጅ መሆኑን ቢያውቅ ሌሊቱን በፍርሃት አያሳልፍም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ "ሆያ ሆዬን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። እጃቸውን ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጭምብሉን ሰውዬ ስም ግን ሁሉም ያውቀዋል። አያቶቻችን ማታ ማታ በአያ ጅቦና በጭራቅ ተረት ሲያስፈራሩን አልነበር? እሱም አስፈሪ ታሪክ ነበር፤ ልዩነቱ ስንፈራ የምንሸጎጥበት ቀሚስ አጠገባችን መኖሩ ነው።

"እዚህ ምን አለና ነው ቡሄ የሚከበረው?" ይባላል። እውነት ነው፤ በላስቲክና በሣር ቤቶች መካከል ችቦ መለኮስ አደጋ ነው፣ ለሙልሙል የሚሆን ዱቄትም ሁልጊዜ አይገኝም። አየርላንዳውያኑም እኮ ፋኖስ የሚሠሩበትን ሥር ከማፈላለግ ዱባ ማንሳት ቀለላቸው። ባለፈው ነሐሴ 13 በእኛ ብሎክ አራት ልጆች በር ለበር ዞረዋል። ዱላቸው የውኃ ቱቦ ቁራጭ ነበር፤ የተሰጣቸውም በዘይት የተጠበሰ የራሽን ዱቄት ቂጣ። ከአራቱ አንዱ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው። ግጥሙ ግማሹ አልገባውም፤ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ ይቀበል የነበረው ግን እሱ ነው።

ቡሄ የኦርቶዶክሶች ነው፤ ሌላው ቤት ዒድ አለ፣ ኢሬቻ አለ፣ ፍቼ ጨምበላላ አለ፣ የጎረቤቶቻችን የሱዳኖችና የኮንጎዎች በዓል አለ። ሁሉም የሚሻገረው ልጅ ከተማረው ብቻ ነው። አየርላንዳውያን ወላጆች በዚያ ረሃብ ላይ "አሁን የበዓል ጊዜ ነው ወይ?" ብለው ለልጆቻቸው ሳይነግሩ ቢቀሩ ኖሮ፣ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልነበረ።

ለክፍል ውይይት

1. ቤታችሁ ያሉ ትልቅ ሰው ልጅ ሳሉ በዓል እንዴት ያከብሩ እንደነበር ጠይቁ። በራሳቸው አነጋገር ጻፉ፤ ቀኑንና ቦታውን አትርሱ።
2. ከዚያ በዓል ውስጥ እዚህ ካምፕ ውስጥ የተለወጠው ምንድን ነው? በምን ተተካ?
3. ከሌላ አገር የመጣ ጓደኛችሁን ስለ አንድ በዓሉ ጠይቁ፤ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰለውንና የሚለየውን በሁለት ዓምድ ጻፉ።

ጽሑፎቹን ለየክፍላችሁ መምህር ስጡ። ጥሩ ጥሩዎቹን በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።